ድምጹ አለ፣ ምስሉ በረዶ፦ ከጃፓን የመጣው ካሴት ዴኩን ምን አደረገው?

አንዲት እህቴ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ጽፋልኛለች። ልጅነቷ ያለፈው ጅዳ ነው። እዚያ በአረብኛ «አድናን ወሊና» እየተባለ የሚታየውን የካርቱን ፊልም እያየች አደገች። ከፍ ስትል ፊልሙ የጃፓን መሆኑን አወቀች። በ1978 በኤንኤችኬ ቴሌቪዥን በ26 ክፍል የታየ፣ ሥዕሉ ሁሉ በእጅ ተሥሎ በእጅ የተቀባ ሥራ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አሁን የዚያን ዘመን ፊልሞች በቪዲዮ ካሴት እየሰበሰበች ነው።

በቅርቡ ከጃፓን አንድ ካርቶን ካሴት አስመጣች። የመጀመሪያውን ዴክ ውስጥ ከተተችው። ጥቂት ደቂቃ ጥርት ብሎ ታየ፣ ከዚያ ምስሉ በረዶ ሆነ። ድምጹ አልጠፋም፣ ግን ታፈነ። ሌላ ካሴት ሞከረች፣ ያው ነው። ይባስ ብሎ ለዓመታት ያለ ችግር ሲጫወት የኖረው፣ ዲሲ የተደረገው የታላቅ እህቷ የሠርግ ቪዲዮም በረዶ ሆነ። ማጽጃ ካሴት ገዝታ አጫወተች። ትንሽ ተሻለውና ተመልሶ ጠፋ። አንድ ጥገና ቤት ስትወስደው «የጃፓን ካሴት በአሜሪካ ዴክ አይሠራም፣ ሲስተሙ ይለያያል» አሏት። ከዚያ ውስጡ ዘይት ነገር ረጭተው፣ ሒሳብ ተቀብለው መለሱላት። ደብዳቤዋ መጨረሻ ላይ ደግሞ እግረ መንገዷን «ካሴቶቹ ምድር ቤት ምድር ቤት ይሸታሉ» ትላለች።

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድመሽ መጻፍ የነበረብሽ ይቺን ነበር። ሻጋታ ነው። ዴክሽ አልተበላሸም፣ ተደፍኗል። የደፈነውም ከጃፓን የመጣው ካሴት ነው። ይህን ጽሑፍ እስክትጨርሺ ድረስ ምንም ካሴት እንዳትከቺበት። የሠርጉን ቪዲዮ ደግሞ በፍጹም።

ማረጋገጥ ከፈለግሽ ካሴቱን መስኮት አጠገብ ውሰጂውና በስልክሽ መብራት በላዩ መስታወት በኩል ወደ ውስጥ ተመልከቺ። ጤነኛ ክር ሲጠቀለል ፊቱ ጥቁርና ለስላሳ ነው፣ ያብለጨልጫል። የሻገተው ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ወይም ነጭ ጭረት ታያለሽ። ጃፓን ሰኔና ሐምሌ ዝናብ ነው፣ ከዚያ የሚቀጥለው የሙቀት ወቅትም ወበቅ ነው። ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ቁም ሳጥን ውስጥ የተዘጋበት ካሴት ቢሻግት አይገርምም።

ስለ ሲስተሙ የነገሩሽ ሰዎች ተሳስተዋል። የሁለቱም አገር የቪዲዮ ሲስተም አንድ ነው፣ ጃፓንም አሜሪካም ኤንቲኤስሲ ናቸው። የጃፓኑ ጥቁር ቀለም የሚቀዳበት መጠን ትንሽ ስለሚለይ ጨለማ ቦታዎች ጠቆር ሊሉብሽ ይችላሉ። የቴሌቪዥኑን ብርሃን ከፍ ማድረግ ነው፣ በቃ። የሲስተም ችግር ቢሆን ደግሞ ከመጀመሪያዋ ሴኮንድ ይታይ ነበር። ደቂቃዎች ቆይቶ አይመጣም። ወደ ሠርጉ ቪዲዮም አይዛመትም። አዲስ አበባ ወይም አውሮፓ ያላችሁ ግን የእናንተ ሲስተም በአብዛኛው ፓል የሚባለው ነው፣ ብዙ ሲስተም የሚያነብ ዴክ ያስፈልጋችኋል። ዴኩንም ከጃፓን ካመጣችሁት የሚሠራው በ100 ቮልት ነው። በቀጥታ 220 ላይ ብትሰኩት ጭስ ነው የምታዩት።

አሁን እኔ የምወደው ክፍል ላይ ደረስን። ምስሉ ሲሄድ ድምጹ ለምን ቀረ? ይህን የተረዳ ሰው ግማሹን የዴክ ብልሽት ሳይከፍት ያውቀዋል።

የቪኤችኤስ፣ ማለትም የተለመደው የቪዲዮ ካሴት፣ ክር ስፋቱ 12.7 ሚሊሜትር ነው። በዴክ ውስጥ በሴኮንድ የሚጓዘው 33 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። በጣም ቀርፋፋ ነው። ይህ ፍጥነት ለድምጽ ይበቃል። ለምስል ግን ጨርሶ አይበቃም። ምስል በሴኮንድ ወደ 6 ሜትር የሚጠጋ ፍጥነት ይፈልጋል። ክሩን በዚያ ፍጥነት እንሳብ ቢባል የአንድ ሰዓት ፊልም 20 ኪሎ ሜትር ክር ይፈጅ ነበር። መሐንዲሶቹ ምን አደረጉ? ክሩን ትተው «ሄድ» የሚባለውን፣ ክሩን የሚያነበውን ትንሽ ዕቃ አሮጡት። ዴክሽን ስትከፍቺ መሃሉ ላይ የምታይው፣ የሚያብረቀርቅና ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ብረት ድራም ይባላል። ውፍረቱ ዳር እስከ ዳር 62 ሚሊሜትር ነው። በደቂቃ 1800 ጊዜ ይሽከረከራል፣ በፓል ከሆነ 1500። ክሩ ዘንበል ተደርጎ እንደተታጠቀ መቀነት ድራሙን ይጠመጠመዋል። ድራሙ ጎንና ጎን ላይ ሁለት ሄዶች አሉ፣ ትይዩ ተቀምጠዋል። ድራሙ ሲዞር እያንዳንዱ ሄድ ክሩን ከታች ወደ ላይ በሰያፍ ያቋርጠዋል። አንድ ሰያፍ መስመር ግማሽ ምስል ነው። ሁለቱ ተራ በተራ እያቋረጡ በሴኮንድ 60 መስመር ያነባሉ። የመስመሩ ስፋት የሚሊሜትር አንድ መቶኛ ስድስት እጅ እንኳ አይሞላም። ሄዱ ጫፍ ላይ ያለችው ክፍተት ደግሞ ከዚያም እጅግ ታንሳለች፣ በዓይን አትታይም። አሁን ሻጋታው ይምጣ። ክሩ ድራሙን ሲታከክ ነጩ ዱቄት ይራገፋል። ትንሹ ቅንጣት ሄዱ ጫፍ ላይ ሲለጠፍ ክሩን ከሄዱ ትንሽ ያርቀዋል። ያቺ ትንሽ ርቀት ትበቃለች። ምስል የለም።

ድምጹስ? ተራው ድምጽ የተቀዳው ክሩ ጠርዝ ላይ በቀጥታ መስመር ነው። የሚያነበው ከድራሙ አልፎ ያለ፣ የማይዞር ሌላ ሄድ ነው። እሱ ቻይ ነው፣ ቆሻሻም ብዙ አይበግረው። ሃይ ፋይ የሚባለው ጥሩው ስቴሪዮ ድምጽ ግን ከምስሉ ጋር ድራሙ ላይ ነው ያለው። ድራሙ ሲደፈን ዴኩ ራሱ ሃይ ፋዩን ትቶ ወደ ጠርዙ ድምጽ ይዞራል። «ታፈነ» ያልሽው ይህ ነው። ይቺን አንድ ቃል ሳነብ ሌላ ጥርጣሬ ሁሉ ከአእምሮዬ ወጣ። በረዶው ከታች ወይም ከላይ እንደ ቀበቶ ብቻ ቢሆን ኖሮ ክሩን የሚመሩትን ዘንጎች እጠረጥር ነበር። ድምጹ ቢንቀጠቀጥ ክሩን የሚስበውን ፒንች ሮለር እል ነበር። ምስሉ ሙሉ በሙሉ ሄዶ የጠርዙ ድምጽ ሲቀር ግን ሄድ ነው።

ወደ ሥራ እንሂድ። ካቻቢቴ መያዝ እንደምትችይ ከጻፍሽው ገብቶኛል።

ከሁሉ በፊት ሶኬቱን ከግድግዳው ንቀይ። ማጥፊያውን መጫን ማጥፋት አይደለም፣ ሰዓቱ እያበራ ከሆነ ውስጡ ኤሌክትሪክ አለ። ከነቀልሽም በኋላ ገመዱ በሚገባበት ጥግ ያለው ፓወር ሰፕላይ (መብራቱን ተቀብሎ የሚያከፋፍለው ክፍል) ላይ ትልቁ ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ፣ ቻርጅ ይዞ ይቆያል። በአሜሪካ መብራት ከ160 ቮልት በላይ ነው። እዚያ ጥግ ምንም ሥራ የለሽም። እጅሽንም ካቻቢቴሽንም አታስጠጊ።

ክዳኑን ፈትተሽ አንሺ። አንድ ነጭ የቢሮ ወረቀት ሁለት ጣት በሚያህል ስፋት ቁረጪ። 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል አርጥቢው። ከፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ ውሃው ብዙ ስለሆነ አይሆንም። ወረቀቱን በአንድ እጅሽ ድራሙ ጎን ላይ በቀስታ አስደግፈሽ አታንቀሳቅሺው። በሌላው እጅሽ የድራሙን አናት በጣት ይዘሽ ቀስ እያልሽ አዙሪ። የሚዞረው ድራሙ እንጂ ወረቀቱ አይደለም። ወረቀቱ ላይ ቡናማ ወይም ጥቁር መስመር ይወጣል። ወረቀት እየቀየርሽ ንጹሕ እስኪወጣ ድገሚው። ወደ ላይና ወደ ታች በፍጹም አትፈትጊ፣ ሄዱ ይሰበራል። ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨትም ድራሙ ጋ እንዳይደርስ፣ የጥጡ ክር ሄዱ ላይ ተጠልፎ ይነቅለዋል። ጥጡ ለሌላው ቦታ ይሆናል፦ ለማይዞረው የድምጽ ሄድ፣ ለዘንጎቹና ክሩ ለሚነካው ብረት ሁሉ።

አሁን የዚያ ጥገና ቤት ዘይት። ዴክ ውስጥ ዘይት መርጨት ምን ዓይነት ሥራ ነው? ክሩን የሚስበው ፒንች ሮለር ጎማ ነው። ጎማ ዘይት ከነካው ይንሸራተታል። የተንሸራተተ ደግሞ ክር ይበላል። ከዚያ «ዴኩ አርጅቷል» ይሉሻል። ጎማውን በጨርቅ ደጋግመሽ ጥረጊው፣ ትንሽ አልኮል ይበቃል። ከተጠረገ በኋላ እንደ መስታወት ካብለጨለጨና በጥፍር ሲነኩት ድንጋይ ከሆነ ይቀየር። ግን ኢንተርኔት ላይ በጥቂት ዶላር የሚሸጠውን ቀሽም ሮለር እንዳትገዢ። እኔ ብዙ አይቻለሁ፣ ክብ እንኳ ያልሆነ አለ። ከእሱ ይልቅ ከአሮጌ ዕቃ መደብር ተመሳሳይ ዴክ ገዝተሽ ሮለሩን አውጪው። ከእንግዲህ አዲስ ዴክ አይመጣም። እስከ መጨረሻው ሲያመርት የቆየው የጃፓኑ ፉናይ በ2016 አቁሟል።

ማጽጃ ካሴቱንም ጣዪው። ያ ደረቅ ዓይነቱ ሸካራ ነው፣ ሄዱን ይሞርደዋል። ትንሽ የተሻለሽ ቆሻሻውን ስለፋቀው ነው። ተመልሶ የጠፋው ደግሞ የሻገተ ካሴት መልሰሽ ስለከተትሽበት ነው።

አልኮሉ እስኪደርቅ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። ክዳኑን መልሰሽ እሰሪ። ከዚያ ብቻ ሶኬቱን ሰኪ። «እስኪ ሲሠራ ልየው» ብለሽ ክዳኑን ከፍተሽ አትሰኪ። ሁሉም ሰው የሚሞክራት ነገር ናት፣ እኔም ባለሙያ ነን ከሚሉት ጋር ሁልጊዜ የምጣላባት ይቺው ናት። መጀመሪያ ቢጠፋ የማይቆጭሽን ካሴት አጫውቺ። እሱ ጥርት ካለ የሠርጉን ቪዲዮ ክሩን በመብራት መርምረሽ ወደ ኮምፒውተር ገልብጪው። ከጃፓኖቹ በፊት እሱ ይቅደም።

ካሴቶቹ ሌላ ሥራ ናቸው። መጀመሪያ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር በሚዘጋ ሳጥን ውስጥ አንድ ሁለት ሳምንት አስቀምጪያቸው። እርጥብ ሻጋታ ይቀባል፣ ደረቁ ግን ይራገፋል። ከዚያ ኤን 95 ማስክና ጓንት አድርገሽ ውጭ ውጪ። ኩሽና ውስጥ አይሆንም፣ አስም ያለበት ሰው ባለበት ቤት ደግሞ ጭራሽ። ካሴቱን ገልብጠሽ ከሥሩ ያሉትን አምስት ብሎኖች ፍቺ። እንደተገጠመ መልሰሽ አገላብጪውና የላዩን አንሺ። ክሩ የሚያልፍበትን መንገድ በስልክሽ ፎቶ አንሺ፣ ስትመልሺ ታመሰግኚኛለሽ። ነጩን በለስላሳ ብሩሽ አራግፊ። ከዚያ የካሴቱን ክር ብናኝ በማይለቅ ደረቅ ጨርቅ መሃል እያሳለፍሽ ከአንዱ ሪል (ክሩ ከሚጠቀለልበት መዘውር) ወደ ሌላው በእጅ ጠቅልዪ፣ መልሰሽም እንደዚያው። ያስፈራል እንጂ ያን ያህል አይደለም፤ የ30 ደቂቃ ክፍል ክሩ 60 ሜትር ገደማ ነው። ሲያልቅ ሪሎቹን ከማትፈልጊው ካሴት ባወጣሽው ንጹሕ ቤት ውስጥ አስገቢያቸው። አሮጌው ቤት ወደ ቆሻሻ። ክሩ እርስ በርሱ ከተጣበቀ ግን ተዪው፣ በኃይል ብትስቢው ቀለሙን ልጦ ነው የሚወጣው።

ይህን ሁሉ ልፋት ለሁሉም ካሴት አታድርጊው። ያ የጅዳ ፊልምሽ በዲስክም አለ፣ ለማየት ብቻ ከሆነ ዲስኩ ይሻላል። ልፋቱ የሚገባቸው ሌሎች ናቸው። በ1983 ዳሎስ የተባለው ሥራ በቀጥታ ለቪዲዮ ተሠርቶ ከወጣ ወዲህ ጃፓኖች ለካሴት ብቻ ብዙ ፊልም ሠርተዋል። ከእነሱ አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ ወደ ዲስክ አልተገለበጡም። ለእነሱ እጅሽን አቆሽሺ። ከዚያም አልፈሽ ሥዕሉ በእጅ የተቀባባቸውን ግልጽ ፕላስቲኮች፣ ኦሪጅናል ሴሎቹን፣ መግዛት ካማረሽ እነሱ ላይ የምትፈልጊው ሽታ ሌላ ነው፣ ኮምጣጤ። ኮምጣጤ የሸተተ ሴል እየፈረሰ ነው፣ ከሌሎቹ ጋር አታስቀምጪው።

ለሚቀጥለው ግዢ፦ የጃፓን ሻጮች ሻጋታን «ካቢ» ይሉታል። «ካቢ አሪ» ካለ አለበት፣ «ካቢ ናሺ» ካለ የለበትም። ምንም ካልጻፈ የመስታወቱን ፎቶ በመብራት አንስቶ እንዲልክልሽ ጠይቂ። ካልላከ አትግዢ። የገዛሽውን ደግሞ እስከ መጀመሪያው አጠንጥነሽ፣ አቁመሽ፣ እርጥበቱ ከ50 በመቶ በማይበልጥ ክፍል አኑሪ። ምድር ቤት አይሆንም።

ይህን ሁሉ አድርገሽ በረዶው ካልሄደ አንድ ነገር ሞክሪልኝ። ምስሉ ላይ አንዱ መስመር ጥርት ብሎ ቀጣዩ በረዶ፣ እንዲህ እየተፈራረቀ ከሆነ ከሁለቱ ሄዶች አንዱ ተሰብሯል ማለት ነው። ያኔ የዴኩን ሞዴል ቁጥርና የድራሙን ፎቶ ላኪልኝ። ፎቶውን ስታነሺ ግን ሶኬቱ ተነቅሎ ይሁን።