መልስ፦ አንዱ ዛፍ ለምን ጫካውን አይጠቀልለውም?

ወንድሜ፣ የሞቃት አገር ጫካ ውስጥ ጠንካራው ዛፍ ለምን ሌላውን አጥፍቶ ብቻውን አይቀርም ላልከው፣ አንዱ ትልቅ ምክንያት ጠላት ነው። የሥነ ምህዳር ተመራማሪዎቹ ጃንዘን በ1970 ኮኔል በ1971 እ.ኤ.አ ያነሱት ሐሳብ ነው፣ ፍሬው በብዛት የሚረግፈው እናትየው ስር ነው አይደል፣ ግን የሷን ዘር ለይቶ የሚበላው ነፍሳትና አፈር ውስጥ ያለው ፈንገስም እዛው ነው የሚሰበሰበው፣ ስለዚህ ስሯ የበቀለው ችግኝ ገና ቅጠል ሳያበዛ ግንዱ አፈሩ ጋ ይበሰብስና ዘፍ ይላል፣ ወፍ ወይ ጦጣ ራቅ አርጎ የጣለው ግን የማምለጥ ዕድል አለው። ክፍተቱን ሌላ ዝርያ ይይዘዋል። መካከለኛው አሜሪካ ባለችው ቤሊዝ ጫካ ውስጥ ፀረ ፈንገስ ረጭተው ሲያዩት የችግኙ ዓይነት ቀነሰ፣ እኔን ያሳመነኝ እሱ ነው። ብርሃንና አፈርም ድርሻ አላቸው እርግጥ። ብቻ እዚህ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባሉት ዋርካዎች እንዳትለካው፣ እዛ ችግኝ የሚጨርሰው የኛው እግር ነው 😄