መልስ፦ ፓርላማው ብቻውን ሕገ መንግሥቱን መቀየር ይችላል?

ወንድሜ፣ «ፓርላማው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካገኘ ሕገ መንግሥቱን እንዳሻው መቀየር አይችልም ወይ?» ላልከው፣ አይችልም። በአንቀጽ 104 ያ ድምፅ ሐሳቡን ለሕዝብ ውይይት ለማቅረብ ብቻ ነው። ነገሩ የሚከብደው 105 ላይ ነው። ከ13 እስከ 44 ያሉትን የመብት አንቀጾች ለመንካት (እስከ መገንጠል ያለውን መብት የያዘው አነጋጋሪው አንቀጽ 39ም እዚያው ውስጥ ነው) ፓርላማውና የፌዴሬሽን ምክር ቤት እያንዳንዳቸው ሁለት ሦስተኛ፣ የክልል ምክር ቤቶች ደግሞ ሁሉም በአብላጫ ድምፅ መስማማት አለባቸው። እኔ ያለሁት ሐዋሳ ነው። እዚህ ያለው የሲዳማ ምክር ቤት ብቻውን «እምቢ» ቢል የሌሎቹ 11 ክልሎች እሺታ ውኃ በላው ማለት ነው። 104 እና 105 ራሳቸውም የሚሻሻሉት በዚሁ መንገድ ነው፤ ብልጠቷን አየሃት? ለቀሩት አንቀጾች ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከክልሎችም ሁለት ሦስተኛው ይበቃል። እንደ ጀርመን ጨርሶ የማይነካ አንቀጽ ግን እኛ ዘንድ አልተጻፈም።