ሁለት ሰዓት የሚያሳይ ሰዓት

ጥያቄ፦ ለሥራ ብዙ እጓዛለሁ። በቅርቡ የሁለት ቦታ ጊዜ አብሮ የሚያሳይ ውድ የእጅ ሰዓት ገዛሁ። ፎቶ አንስቼ ለጓደኛዬ ላክሁለትና «ቅንጡ ሰዓቴን ለብሻለሁ፤ ሁለት ሰዓት ያሳያል» ብዬ ጻፍኩ። «የእኔ ሦስት ተኩል ይላል፤ ያንተ ቆሟል መሰለኝ» አለኝ። ቀጥሎ «ለመሆኑ ሰዓት ይለበሳል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። የተሳሳትኩት ምኑ ላይ ነው? ደግሞስ ሰዓቴን «እሷ» ብዬ ብጠራት ነውር አለው?

መልስ፦ ጓደኛዎ ተረበኛ ናቸው፤ ግን በሁለቱም እውነት አላቸው።

ከቀላሉ ልጀምር። ሰዓት አይለበስም፤ ይታሰራል። አማርኛ በዚህ በኩል ግስ አይቆጥብም። ልብስ እንለብሳለን፣ ካባ እንደርባለን፣ ቀበቶ እንታጠቃለን፣ ጫማ እንጫማለን፣ ቆብ እንደፋለን፣ ቀለበት እናጠልቃለን። ክራቫትና ሰዓት ደግሞ እናስራለን። እንግሊዝኛ ይህን ሁሉ በአንድ ግስ ይጨርሰዋል። የሰዓት ማስታወቂያ በእንግሊዝኛ ሲያነብ የዋለ ሰው አፉ ላይ «ለበሰ» ሰተት ብሎ የሚመጣውም ለዚህ ነው።

«የእኔ ሰዓት እኮ የሚታሰር ቆዳ የለውም፤ የብረት ሰንሰለት ነው» ይሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፤ ቋጠሮ የለውም፣ ቀጭ ብሎ ነው የሚዘጋው። ሆኖም «ሰዓቴን ቆለፍኩ» ያለ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ማሰሪያው ቢቀየርም ግሱ አልተቀየረም። «ማሰር» ካልጣመዎት «አደረግኩ» ይበሉ፤ እሱ ለሁሉም ይሆናል። «ሰዓት ይዘዋል?» የሚለው ግን ሌላ ነው። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅዎት ሰው ስለ ዕቃው ግድ የለውም፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ እንዲነግሩት ነው። ሰዓትና «ለበሰ» በሰላም የሚገናኙት ሰዓቱ መሳቢያ ውስጥ ከርሞ አቧራ የለበሰ እንደሆነ ብቻ ነው።

ዋናው ችግር ሁለተኛው ነው። «ሰዓት» የሚለው ቃል ብዙ ሥራ ተጭኖበታል። ዕቃውም ሰዓት ነው። ስድሳ ደቂቃውም ሰዓት ነው። የቀኑ ነጥብም ሰዓት ነው። «ሰዓቴ ሁለት ሰዓት ላይ ቆሞ ሁለት ሰዓት አስረፈደኝ» ብንል ሦስቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገባሉ፤ ማንም አይደናገርም። የሚያድነን በዙሪያቸው ያለው ቃል ነው። «ሁለት ሰዓት ያሳያል» ላይ ግን የሚያድን ቃል የለም። ስለዚህ ሰሚው መጀመሪያ የሚመጣለትን ይወስዳል፤ ቆጣሪው ሁለት ላይ ነው ማለት ነው ብሎ።

ብዙ ቁጥር አይረዳንም? አማርኛ እዚህ ላይ ደስ የሚል ልዩነት አለው። ለጊዜ ርዝመት ከግእዝ የመጣውን «ሰዓታት» እንጠቀማለን፤ ለዕቃው «ሰዓቶች»። ብዙ ሰዓታት ጠበቅኩ፤ ብዙ ሰዓቶች አሉኝ። የሚያሳዝነው፣ ለእርስዎ ጉዳይ ሁለቱም አይሆኑም። «ሁለት ሰዓታት» ርዝመት ነው። «ሁለት ሰዓቶች» ካሉ ደግሞ በሁለቱም እጅዎ ያሰሩ ያስመስልብዎታል። «ባለ ሁለት ሰዓት» ማለትም አያዋጣም። «ባለ ሁለት ፎቅ» ስንል ሕንፃው ነው፤ «ባለ ሁለት ሰዓት» ሲባል ግን ባለቤቱ ትዝ ይላል፤ ሁለት ሰዓት ያለው ሰው።

የሚሻለው ሰዓቱ የየት ቦታ እንደሆነ መጥቀስ ነው። «የሁለት አገር ሰዓት ያሳያል» ይበሉ፤ ነገሩ ያልቃል። እኔ ግን «የሁለት ቦታ» ባይ ነኝ። ሩሲያ አንድ አገር ሆና 11 የሰዓት ቀጠና አላት፤ ቻይና ያን ሁሉ ስፋት ይዛ በአንድ ሰዓት ነው የምትተዳደረው። በንግግር «ሁለት አገር» ቢሉ አልጣላዎትም። «ቀጠና» ያልኩትን አንዳንዱ «የሰዓት ክልል»፣ ሌላው «የሰዓት ሰቅ» ይለዋል። «ሰቅ» ለጆሮዬ ባዕድ ነው።

አሁን ሰዓትዎን ቀረብ ብለን እንየው፤ እዚያም ሌላ ወጥመድ አለ። ከእነዚህ ሰዓቶች አንዳንዶቹ ሁለት የሰዓት ቆጣሪ አላቸው። አንደኛው ሙሉ ነው፣ ሌላኛው መሐሉ ክፍት። የሁለቱ ቦታዎች ሰዓት እኩል ሲሆን አንዱ ከሌላው ሥር ይደበቃል። ሌሎቹ ቀኑን ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ የሚዞር፣ 24 ሰዓት የሚቆጥር ተጨማሪ ቆጣሪ አላቸው። ብዙዎቹ ላይ የደቂቃው ቆጣሪ ለሁለቱም አንድ ነው። ስለዚህ የዓለም ሰዓት መነሻ ከሆነችው ከእንግሊዟ ግሪንዊች በ5 ሰዓት ተኩል የምትቀድመው ሕንድና በ5 ሰዓት ከ45 የምትቀድመው ኔፓል ያስቸግሯቸዋል።

ወጥመዱ ስያሜው ነው። የሰዓቱ መመሪያ አንዱን የቤት፣ ሌላውን የአካባቢ ይለዋል። ቃል በቃል «የቤት ሰዓት» ካልነው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሆነ። «የመነሻ ሰዓት» ካልነው አውሮፕላኑ የሚነሣበት ሆነ። ለመንገደኛ ይህ የከፋ ነው። «የአገሬ ሰዓት» እና «ያለሁበት ሰዓት» ቢሉ ግን ማንም አይስትዎትም። ለሁለተኛው የዜና ሰዎች «በአካባቢው ሰዓት አቆጣጠር» ይላሉ፤ እሱም ጥሩ ነው፣ ለጓደኛ መልእክት ግን ከረረ።

«ጂኤምቲ» ብለው የሚጠሩትም አሉ። የግሪንዊች ሰዓት ማለት ነው፤ ግሪንዊች መነሻ መስመር የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1884 ዋሽንግተን ላይ በተደረገ ጉባኤ ነው። ስሙ ወደ እጅ ሰዓት የገባው ሮሌክስ እ.ኤ.አ. በ1955 ለፓን አሜሪካን አየር መንገድ አብራሪዎች ብሎ ባወጣው «ጂኤምቲ ማስተር» በተባለው ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲህ የማንም ፋብሪካ ይሁን፣ የ24 ሰዓት ቆጣሪ ያለበትን ሁሉ የሰዓት ወዳጆች «ጂኤምቲ» ይሉታል። ለዚያ ዓይነቱ ይሁን፤ ቃሉ ገብቷል። የእርስዎ መሐሉ ክፍት ቆጣሪ ያለው ከሆነ ግን ስሙን አይዋሱ።

«ቅንጡ» ያሉትን ጓደኛዎ አልነኩትም። እኔ ልንካው። ቅንጡ የሚቀናጣው ሰው ነው፤ ምቾት የለመደ፣ ድሎት የሚወድ። ሰዓቱ ምን ያቀናጣዋል? በቀድሞው አነጋገር ዕቃው «የቅንጦት ሰዓት» ነው፤ ቅንጡው አሳሪው ነው። ዛሬ ግን ቅንጡ መኪና፣ ቅንጡ ሆቴል በየቦታው ይነበባል። ይህን ጦርነት የተሸነፍኩ ይመስለኛል። ቢሆንም በራሴ ጽሑፍ «የቅንጦት» ማለቴን አልተውኩም።

ሰዓትዎን «እሷ» ማለቱ ምንም ነውር የለውም። አማርኛ ትንሽና የሚወደድ ነገርን በሴት ጾታ ማቅረብ ይወዳል። «ሰዓቷን አሰርኳት»፣ «ቆመችብኝ»፣ «ትቀድማለች» ሁሉም ያምራሉ። ፎቶውን ለእኔም አያይዘውልኛልና አየሁት። የእጅዎን አንጓ ከዳር እስከ ዳር የሸፈነ ግዙፍ ሰዓት ነው። እኔ ብሆን «እሱ» እለው ነበር።