«እሺ» ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?

ታናናሾቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ አሞራ ገደል ዓሣ ልንበላ ተቀምጠን ሳለ አንድ ወጣት ፕሮግራመር የልቡን አጫወተኝ። እዚሁ ሐዋሳ ሆኖ ለጀርመኖች ይሠራል። «ኮዱ አይከብደኝም፤ የሚከብደኝ ስብሰባው ነው። እንግሊዝኛዬ ደህና ነው፤ ግን የተግባባን አይመስለኝም» አለኝ። ያኔ የረባ መልስ አልሰጠሁትም። ቤት ገብቼ ሳስበው አመሸሁ። ይህን የምጽፈው ለእሱም ለእናንተም ነው።

እኔም በእናንተ ዕድሜ ከውጭ ደንበኛ ጋር ሠርቻለሁ። አንድ ቀን «በሦስት ሳምንት ይደርሳል?» ብለው ጠየቁኝ። እንደማይደርስ አውቅ ነበር። ግን «እሺ» አልኩ። በእኔ ልብ «እሺ» ማለት ሰምቻችኋለሁ፣ አቅሜ የፈቀደውን እሞክራለሁ፣ ፊታችሁን አላጠቁርም ማለት ነበር። እነሱ ግን ቀኑን መዘገቡት። ለራሳቸው ደንበኞች ነገሩ። ሥልጠና የሚሰጡ ሰዎች ቀጠሩ። ሦስተኛው ሳምንት ሲያልቅ ሥራው ገና ግማሽ ላይ ነበር። ኃላፊው የተናገረኝ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም፦ መዘግየቱን እንችለው ነበር፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ እያወቅህ ዝም ማለትህ ነው የጎዳን።

ውሸታም የተባልኩ መሰለኝ። እኔ እኮ አልዋሸሁም። ያደግሁበትን ጨዋነት ነው ይዤ የሄድኩት። በእኛ ቤት ታላቅ ሰው ሲጠይቅ ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ነውር ነው። ይሉኝታ አለ። ሰሚውም ያውቃል፤ ከድምፁ፣ ከፊቱ፣ «እስቲ እናያለን» ከሚለው ቃል እውነቱን ያወጣል። በኢሜይል ግን ፊትም ድምፅም የለም። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ደግሞ ፊታችንን ቢያይ እንኳ አያነበውም። ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» ስንል የደነገጥን የሚመስላቸው አሉ።

ቅኔ እወዳለሁ። በሰምና ወርቅ መናገር ትልቅ ጥበብ ነው። በሥራ መልእክት ውስጥ ግን ወርቅ አትቅበሩ፤ ቆፍሮ የሚያወጣው የለም። «ትንሽ ሳያስቸግር አይቀርም» ከማለት «የምዝገባው ክፍል ሐሙስ ይደርሳል፤ የክፍያው ክፍል ግን ሌላ አንድ ሳምንት ይፈልጋል» በሉ። ያልገባችሁን «አልገባኝም» በሉ፤ ያን የምትሉት ደግሞ ስብሰባው ላይ ይሁን፣ ካለቀ በኋላ ለጓደኛ አይሁን።

ቃል ምን ያህል እንደሚመዝን ሳስብ ሁልጊዜ አንድ አደጋ ትዝ ይለኛል። በጃንዋሪ 1990 እ.ኤ.አ. ከኮሎምቢያ የተነሳ የአቪያንካ አውሮፕላን ኒው ዮርክ አጠገብ ነዳጅ ጨርሶ ወደቀ። ከ158 ሰዎች 73ቱ ሞቱ። የአየሩ ሁኔታና ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩበት። ነገር ግን አብራሪዎቹ ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ጠየቁ፣ ነዳጅ እያለቀባቸው መሆኑን ተናገሩ እንጂ፣ በአቪዬሽን ሁሉን የሚያስቆመውን «ኢመርጀንሲ» የሚለውን ቃል አላሉም። የእኛ ሥራ እንዲህ ነፍስ ላይ ላይደርስ ይችላል። ሰርቨር ሊወድቅ ሲል ግን በለሰለሰ ቃል ማስጠንቀቅ ያው ስህተት ነው።

የውጭ ባልደረቦቻችንም ቀጥተኛነት ያማል፤ አውቃለሁ። ሌሊቱን ሙሉ የሠራችሁትን ኮድ አንዱ ያይና «ይህ ስህተት ነው፤ ይቀየር» ብሎ ይጽፋል። ሰላምታ የለ፣ ምስጋና የለ። ብዙ ጊዜ ግን ስለ ኮዱ እንጂ ስለ እናንተ አይደለም። በማግስቱ ረስቶት ስለ ልጁ ሊያጫውታችሁ ይችላል። እኛ በበኩላችን «ሰላም፣ እንዴት ነህ?» ብለን ልከን መልስ እስኪመጣ እንጠብቃለን። እሱም ምን ፈልገው ይሆን እያለ ይጠብቃል። ሰላምታውንና ጥያቄውን በአንድ መልእክት ላኩት።

ሰዓት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በርሊን በክረምታቸው ከእኛ 2 ሰዓት፣ በበጋቸው 1 ሰዓት ወደኋላ ነው፤ ሰዓታቸውን በዓመት ሁለቴ ስለሚቀይሩ። እኛ ደግሞ ቀኑን ከንጋት እንቆጥራለን። እዚሁ ከተማችን ለአንድ ተቋም የቀጠሮ ሲስተም ሠርቼ ነበር። መዝጋቢዎቹ «3:00» ብለው ያስገባሉ፤ ጠዋት ማለታቸው ነው። ሲስተሙ ግን ሌሊት አድርጎ ያዘው። ሰዎች ተጉላሉ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። አጠገቤ ላሉት ሰዎች ስሠራ እንዴት እንደሚቆጥሩ አልጠየቅኋቸውም። የሌላ ባህል ሰው ማለት ፈረንጅ ብቻ አይደለም። ስክሪናችሁ ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ስታስቀምጡ፣ የአባቷን ስም የምትጽፍ እናትና የአባቱን ስም የሚጽፍ ልጇ ባዕድ ይመስላሉ። ይህንንም አስቡ።

ሐዋሳ ያደገ ልጅ ግን ከዜሮ አይጀምርም። በአንድ ግቢ ሲዳማው፣ ወላይታው፣ ጉራጌው፣ አማራው፣ ኦሮሞው አብሮ ይኖራል። ለሲዳማው ዘመን መለወጫ ለፍቼ «አይዴ ጫምበላላ» ብላችሁ ትገባላችሁ፤ መስከረም ላይ በወላይታው ዘመን መለወጫ የጊፋታ ድግስ ትጠራላችሁ። የማን ደጅ ላይ ምን እንደሚባል ማንም ሳያስተምራችሁ ታውቃላችሁ። ያንኑ ጆሮ ወደ ሥራችሁ ይዛችሁት ግቡ። የራሳችሁንም አስረዱ። የፍቼ ቀን አያንቶዎች፣ ማለትም የሲዳማ ኮከብ ቆጣሪዎች፣ ከዋክብትን አይተው የሚናገሩት ነው፤ ካላንደር ላይ አስቀድሞ አይገኝም። ይህን ለማያውቅ አለቃ በዋዜማው ፈቃድ ብትጠይቁ ግዴለሽ ትመስላላችሁ። ቀደም ብላችሁ «በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ ሁለት ቀን እወስዳለሁ፤ ቀኑ ሲታወጅ እነግራችኋለሁ» ብትሉት ግን ስለ በዓሉ ራሱ ይጠይቃችኋል።

ያ የአሞራ ገደሉ ወጣት ትናንት ለቡድኑ ሊልክ ያዘጋጀውን መልእክት እንድመለከትለት ላከልኝ። በሰላምታ ይጀምራል። ቀጥሎ አራት መስመር ይቅርታ ነበረው። መጨረሻው ላይ፣ ሊታይ በማይችልበት ቦታ፣ ሥራው በቀኑ እንደማይደርስ ተጽፏል። ይቅርታውን አንድ መስመር አደረግነው። «ማክሰኞ አይደርስም፤ 6 ቀን እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ነው» የሚለውን ወደ ላይ አመጣነው። ሰላምታውን አልነካሁበትም።