48 ዓመት በሸሪፍነት፦ ከሐዋሳ ለደረሱን ጥያቄዎች

በዚህ እትም ያስተናገድናቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከሐዋሳ የመጡ ናቸው፤ ሁሉም የአሜሪካን ሸሪፍ፣ ማለትም በየካውንቲው (ከግዛት በታች ባለው የአስተዳደር ክልል) ብዙውን ጊዜ ሕዝብ የሚመርጠውን የሕግ አስከባሪ ኃላፊ ይመለከታሉ። የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ወንድሜ የሚኖረው ኦሃዮ፣ ኮለምበስ ነው። ከእነሱ ከተማ በስተደቡብ ባለ ካውንቲ አንድ ሰው 48 ዓመት ሸሪፍ ሆኖ እንደሠራ ነገረኝ። እኛ ዘንድ አንድ የፖሊስ አዛዥ በአንድ ቦታ 5 ዓመት ከቆየ ረጅም ነው። እውነት ከሆነ እንዴት ሳይነሳ ቀረ? (ታቦር ክፍለ ከተማ)

ወንድምዎ እውነቱን ነው። ካውንቲው ፒካዌይ ይባላል፣ መቀመጫው ሰርክልቪል ነው፣ ሰውየው ድዋይት ራድክሊፍ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ተመርጠው በጥር 1965 ሥራ ጀመሩ፤ እያንዳንዱ 4 ዓመት የሆነ 12 የሥራ ዘመን አገልግለው በጥር 2013 ወንበሩን ለቀቁ። ከእሳቸው በፊት አባታቸው ቻርልስ ከ1931 ጀምሮ 30 ዓመት ያህል በዚያው ቦታ ነበሩ። ከእሳቸው በኋላ የተረከበው ደግሞ ልጃቸው ሮበርት ነው። ሲሰሙት የባላባት ርስት ይመስላል፤ ግን ሁሉም በሕዝብ ድምፅ ተመርጠው የገቡ ናቸው።

«እንዴት ሳይነሳ ቀረ?» ለሚለው፦ የሚያነሳው አለቃ ስለሌለ ነው። የግዛቱ ገዢ አልሾመውም፣ ከንቲባውም አያዝዘውም። ከኦሃዮ 88 ካውንቲዎች እያንዳንዱ የራሱን ሸሪፍ ይመርጣል፤ ስንት ጊዜ መመረጥ እንደሚቻልም ገደብ የለም። ጎረቤቷ ኢንዲያና ግን በተከታታይ ከሁለት የሥራ ዘመን በላይ አትፈቅድም፤ እዚያ 48 ዓመት የማይታሰብ ነው። የሥራ ዘመኑም ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ አብዛኞቹ ዘንድ 4 ዓመት ሲሆን በኒው ሃምፕሻየር 2፣ በኒው ጀርሲ 3፣ በማሳቹሴትስ 6 ዓመት ነው።

ገደብ አለመኖሩ ግን ብቻውን ሰውን አያቆይም። ዋናው ምክንያት የተወዳዳሪ እጥረት ነው። በኦሃዮ ሕግ ለሸሪፍነት የሚወዳደር ሰው በካውንቲው ቢያንስ 1 ዓመት የኖረ፣ በከባድ ወንጀል ያልተፈረደበትና የፖሊስ ሥልጠና ምስክር ወረቀት ያለው መሆን አለበት። በአንዲት የገበሬ ካውንቲ ይህን የሚያሟሉት እነማን ናቸው? አብዛኞቹ ሸሪፉ ራሱ የቀጠራቸው ምክትሎቹ፣ ዴፑቲ የሚባሉት ናቸው። አለቃውን ተወዳድሮ የተሸነፈ ዴፑቲ በማግሥቱ ወደዚያው ቢሮ ለመመለስ ምን ያህል ልብ እንደሚያስፈልገው መገመት አይከብድም። ስለዚህ በብዙ ካውንቲዎች በምርጫ ወረቀቱ ላይ የሚታየው የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ትውውቅ ነው። በኦሃዮ ከቀሩት አሮጌ የካውንቲ እስር ቤቶች አንዳንዶቹን ከፊት ለፊት ያያቸው ሰው እስር ቤት አይላቸውም፦ በረንዳ፣ መጋረጃ፣ የሳሎን መስኮት። ዞር ብሎ ከጀርባ ሲያያቸው ብረቱ ይጀምራል። የፊቱ የሸሪፉ መኖሪያ ነበር። ሚስቱ ለቤተሰቧም ለእስረኞቹም የምታበስለው በአንድ ማዕድ ቤት ነው፤ ልጆቹም የእስረኛ ወሬ እየሰሙ ያድጋሉ። በእንዲህ ያለ ቤት ያደገ ልጅ ለምርጫ ሲቀርብ ማን እንደሆነ ለመራጩ ማስረዳት አያስፈልገውም።

የቆየ ሁሉ ደግሞ መልካም ነው ማለት አይደለም። በአሪዞና የማሪኮፓ ካውንቲ ሸሪፍ ጆ አርፓዮ ከ1993 እስከ 2017 24 ዓመት ሠርተዋል። እስረኞችን በበረሃ ሙቀት በድንኳን ያሳድሩ ነበር። በ2016 ምርጫ ተሸነፉ፤ የፌዴራል ዳኛ ትዕዛዝ በመጣሳቸው በሐምሌ 2017 ጥፋተኛ ተባሉ፤ በወሩ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ምሕረት አደረጉላቸው። በአንጻሩ በአላባማ የሜከን ካውንቲው ሉሲየስ አመርሰን በ1966 ተመርጠው 20 ዓመት ቆይተዋል፤ ከእርስ በርስ ጦርነቱ ማግሥት ዘመን ወዲህ በደቡብ የተመረጡ የመጀመሪያው ጥቁር ሸሪፍ ናቸው። የሎስ አንጀለሱ ሸርማን ብሎክ ደግሞ በ1998 ምርጫው ቀናት ሲቀሩት አረፉ፤ ስማቸው ግን ከምርጫ ወረቀቱ ሳይወጣ ድምፅ ተሰጠበት።

በሐዋሳ ካሉት መሥሪያ ቤቶች ሸሪፍ ማንን ይመስላል? (የሕግ ተማሪ፣ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ)

አንዱንም አይመስልም። በእኛ ከተማ አራት ቦታ የተበታተነውን ሥራ አንድ ቦታ ይሰብስቡት። ወንጀል የሚከታተለው ፖሊስ፣ እስረኛ የሚይዘው ማረፊያና ማረሚያ ቤት፣ ችሎት የሚጠብቀው ኃይል፣ መጥሪያ የሚያደርሰውና ፍርድ የሚያስፈጽመው፤ አራቱም በአንድ በተመረጠ ሰው ሥር ቢሆኑ ሸሪፍ ይሆናል። በፍርድ የተያዘ ቤት በሐራጅ ሲሸጥ እንኳ ሻጩ እሱ ነው።

ከከተማ ፖሊስ ጋር የሚለያቸው ወሰን ነው። የራሱ ፖሊስ ያለው ከተማ ውስጥ ጥበቃው የከተማው ፖሊስ ሲሆን ከከተማው ወሰን ውጭ ያለው ገጠርና መንደር የሸሪፉ ነው። ግን ሐበሻ በብዛት በሚኖርባቸው አካባቢዎች ይህ ደንብ ይፋለሳል። በቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲ ጥበቃውን የሚሠራው ሌላ የካውንቲ ፖሊስ ነው፤ የተመረጠው ሸሪፍ እስር ቤቱን፣ ፍርድ ቤቱንና የፍርድ ወረቀቱን ብቻ ይይዛል። በሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ እስር ቤቱም በሌላ መምሪያ ሥር ስለሆነ ለሸሪፉ የሚቀረው ችሎት፣ መጥሪያና በቤት ውስጥ ጥቃት ጉዳይ የሚወጡ የጥበቃ ትዕዛዞች ናቸው። ዴንቨር ሸሪፍ ትሾማለች እንጂ አትመርጥም። ኪንግ ካውንቲም፣ ማለትም ሲያትል፣ በ2020 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ከምርጫ ወደ ሹመት ተመልሷል። አላስካ ውስጥ የካውንቲ ሸሪፍ የሚባል የለም፤ ኮነቲከትም በ2000 በሕዝብ ድምፅ አስቀርታዋለች።

ሹመቱ ከእንግሊዝ የመጣ ነው፤ ስሙም «የአውራጃ ሹም» ከሚሉ ሁለት የቀድሞ ቃላት ተጣብቆ የወጣ ነው። የመጀመሪያው ሸሪፍ የንጉሡን ግብር የሚሰበስብ፣ ዳኝነት የሚያስፈጽም ሰው ነበርና ከዛሬው ፖሊስ ይልቅ የእኛን ምስለኔ ይቀርባል። በ1215 የወጣው ማግና ካርታ፣ የእንግሊዝን ንጉሥ ሥልጣን የገደበው ሰነድ፣ ስሙን እየደጋገመ የሚያነሳውም ሕዝቡ በሸሪፎች ስለተማረረ ነው።

ልጄ ቨርጂኒያ ተከራይቶ ነው የሚኖረው። በሩ ላይ ከሸሪፍ ቢሮ ወረቀት ተለጥፎበት በስልክ አሳየኝ። ሊታሰር ነው? (እናት፣ ከመነኻሪያ)

እማማ፣ አይታሰርም። የቤት ኪራይ ጉዳይ የፍትሐ ብሔር እንጂ የወንጀል ጉዳይ አይደለም። ይሁን እንጂ በር ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ሁለት ዓይነት ስለሆነ የትኛው እንደሆነ ዛሬውኑ አጣርቶ ያንብብ።

የመጀመሪያው መጥሪያ ነው። የፍርድ ቤቱ ስም፣ የመዝገብ ቁጥር፣ የችሎት ቀንና ሰዓት አለው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ገና መጥሪያ ነው፣ ከአከራዩ ጋር እነጋገራለሁ» ብሎ ችሎቱን ይቀራል፣ ዳኛውም በሌለበት ይፈርድበታል። ከአከራዩ ጋር ተስማምቶ እንኳ ቢሆን ቀርቦ ስምምነቱን ያስመዝግብ።

ሁለተኛው የማስለቀቂያ ትዕዛዝ ነው። ይህ ፍርዱ አልቆ የወጣ ነው፤ መውጫው ቀንና ሰዓት ተጽፎበታል። በቨርጂኒያ ሸሪፉ ትዕዛዙን ከለጠፈ በኋላ ለተከራዩ ቢያንስ 72 ሰዓት መስጠት አለበት። ወረቀቱን የለጠፈው ዴፑቲ ቀኑን ማራዘም አይችልም፣ የኪራይ ገንዘብም አይቀበልም፤ እሱን መለመን ጊዜ ማቃጠል ነው። መነጋገር ያለበት ከአከራዩ፣ ከፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤትና ከነፃ የሕግ ድጋፍ ሰጪዎች ጋር ነው። ዕዳን አጠቃሎ ከፍሎ መውጣትን ማስቀረት የሚቻልበት ዕድል ሕጉ ይሰጣል፤ ዕድሉ ግን ከመውጫው ሰዓት ቀደም ብሎ ይዘጋል። ስለዚህ ሦስተኛውን ቀን አይጠብቅ። ፓስፖርቱን፣ የመኖሪያ ፈቃዱንና መድኃኒቱን ካለ አስቀድሞ ከቤት ያውጣ፤ ዕቃ በጥድፊያ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠፋው ወረቀት ነው።

«ከሸሪፍ ቢሮ ነው የምንደውለው፣ ዘመዳችሁ ታስሯልና ዋስ ላኩ» ብለው ደወሉልን። እንዴት እናጣራ? (ሃይቅ ዳር)

ገንዘብ አይላኩ። ሸሪፍ ቢሮ በስልክ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በስጦታ ካርድ፣ በዲጂታል ገንዘብ ወይም በሐዋላ ክፈሉ የሚል ሁሉ አጭበርባሪ ነው። በስልኩ ላይ የቢሮው ትክክለኛ ቁጥር ቢወጣም አያምኑ፣ ቁጥርን አስመስሎ ማውጣት ቀላል ነው። ዘግተው የቢሮውን ቁጥር ከራሱ ድረ ገጽ አውጥተው እርስዎ ይደውሉ።

ብዙ የሸሪፍ ቢሮዎች የታሰሩትን ሰዎች ዝርዝር በድረ ገጻቸው ያወጣሉ፦ ስም፣ የመዝገብ ቁጥር፣ የተጠረጠሩበት ጉዳይ፣ የዋስ መጠን፣ የችሎት ቀን። እኛን የሚያስቸግረን ስሙ ነው። እነሱ የሚመዘግቡት «የቤተሰብ ስም»ን አስቀድመው ነው፤ የሐበሻ ሰው የቤተሰብ ስም በአንዱ ወረቀት የአባቱ፣ በሌላው የአያቱ ስም ነው። ስለዚህ በአባቱም በአያቱም ስም ይፈልጉ፤ ፓስፖርቱ ላይ ባለው አጻጻፍ ይጀምሩና ካጡት ፊደል እየቀያየሩ ይሞክሩ። ተስፋዬን በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ማግኘት የተለመደ ነው። የትውልድ ቀን ካወቁ ፍለጋው ያጥራል። ሰው በገባበት ሰዓት ወዲያው ስሙ አይወጣም፤ አሻራ፣ ፎቶ፣ የዕቃ ምዝገባና የጤና ምርመራ እስኪያልቅ ሰዓታት ይወስዳል።

በእርግጥ ታስሮ ከተገኘ፦ ዋሱን በክፍያ የሚሸፍን የዋስ ድርጅት የሚጠይቀው ክፍያ ብዙውን ጊዜ የዋሱ 10 በመቶ ነው፤ ነፃ ቢባልም አይመለስም። ሙሉ ዋሱን ለፍርድ ቤቱ ያስያዘ ሰው ግን ታሳሪው ችሎት ከቀረበ ይመለስለታል። ዜጋ ካልሆነ ቆንስላው እንዲነገርለት በ1963ቱ የቪየና ስምምነት መሠረት መጠየቅ ይችላል። የጥፋተኝነት ቃል ከመስጠቱ በፊት ጠበቃው የመኖሪያ ፈቃዱን ምን እንደሚያገኘው እንዲነግረው ይጠይቅ፤ ይህን ማስረዳት የጠበቃው ግዴታ ነው ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ2010 ወስኗል።

ጥንቃቄ፦ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በእስረኛው ላይ የይዞታ ጥያቄ ካቀረበ፣ መለቀቂያው ከደረሰ በኋላ ተጨማሪ እስከ 48 ሰዓት ይዛችሁ አቆዩልኝ ይላል። ይህ 48 ሰዓት ከእኛ ሕገ መንግሥት 48 ሰዓት ጋር እንዳይምታታብዎ። የእኛው የተያዘ ሰው ዳኛ ፊት የሚቀርብበት ገደብ ነው፤ የእነሱ የሚፈታ ሰው የሚቆይበት ነው። ጥያቄውን መቀበል አለመቀበል ከካውንቲ ካውንቲ ይለያያል፣ ብዙውንም ጊዜ የምርጫ ክርክር ነው። ስለዚህ ዋስ ከመክፈልዎ በፊት ይህ ጥያቄ መኖር አለመኖሩን በጠበቃ ያጣሩ።

የእህቴ ልጅ እዚያው ዴፑቲ ሸሪፍ መሆን ይፈልጋል። ይቻላል? (ባህል አዳራሽ)

ይቻላል። ብዙ ግዛቶች ዜግነት ይጠይቃሉ፤ ካሊፎርኒያ ግን ከ2023 ጀምሮ በሕጋዊ መንገድ የመሥራት ፈቃድ ላለው ሰው ከፍታለች። ፈተናው የጽሑፍ፣ የአካል ብቃት፣ የጤናና የሥነ ልቦና ሲሆን ብዙ ሰው የሚወድቀው በታሪክ ማጣራቱ ነው። ያልተከፈለ ዕዳ፣ የትራፊክ ቅጣት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በቅጹ ላይ የተደበቀ ነገር ይጥላል። ከኢትዮጵያ የወንጀል ነፃ ማስረጃ ከተጠየቀ ስሙ ከዚያኛው መታወቂያ ጋር ፊደል በፊደል እንዲገጥም አስቀድሞ ያስተካክል። ከሥልጠናው በኋላ በብዙ ቢሮዎች የመጀመሪያው ምደባ እስር ቤት ነው፤ መኪና ይዞ ለመዞር ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። እዚያ የሚማረው ትልቁ ነገር ክፍሎችን የሚቃኘው ሰዓት እንዳይለመድ ማድረግ ነው፤ ራሱን ሊጎዳ ያሰበ እስረኛ የጠባቂውን ሰዓት ካጠና ልክ እግሩ እንዳለፈ ይጀምራል።

ሸሪፉን ማን ያስረዋል? (ያው የሕግ ተማሪ)

በኢንዲያና የካውንቲው አስከሬን መርማሪ፣ እሱም ራሱ ተመራጭ ነው። በፍሎሪዳ ገዢው ሊያግደው ይችላል፤ በጥር 2019 የብሮዋርድ ካውንቲን ሸሪፍ አግደዋል። የፌዴራል ዳኛ ደግሞ በየትም ግዛት ያለውን ማሰር ይችላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አባባል አላባማ ለረጅም ዘመን በሕግ ፈቅዳው ነበር፦ ግዛቱ ለአንድ እስረኛ ምግብ በቀን 1.75 ዶላር ለሸሪፉ ይሰጣል፣ የተረፈውን ሸሪፉ ለራሱ ይወስዳል። ይህ የተለወጠው በ2019 ነው። ከዚያ 10 ዓመት ቀደም ብሎ የሞርጋን ካውንቲ ሸሪፍ በሦስት ዓመት 212,000 ዶላር ተርፎት ወደ ኪሱ አስገብቶ ተገኘ። እስረኞቹ ለሳምንታት የበሉት በቆሎ ሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ ቋሊማ ነበር፤ ግማሽ የከባድ መኪና ጭነት በ500 ዶላር ተገዝቶ። የፌዴራል ዳኛው እስረኞቹን በአግባቡ ባለመመገቡ ሸሪፉን እዚያው ከችሎቱ አሰሩት። አንድ ሌሊት አድሮ፣ የምግቡን ገንዘብ ለምግብ የሚያውልበትን ዕቅድ አቅርቦ ወጣ።