ስንት ጋላክሲ ይበቃኛል ላልሽው እህቴ

«ለመመረቂያ ጽሑፌ በኤሊፕቲካል (ሞላላ) ጋላክሲዎች የክላስተሮችን (የጋላክሲ መንጋዎችን) የራሳቸውን ፍጥነት፣ ማለትም ከጠፈሩ መስፋት ውጪ ያለውን፣ ልለካ ነው፤ ከአንድ ክላስተር ስንት ጋላክሲ ይበቃኛል?» ብለሻል። እኔም የጀመርኩት ከዚሁ ጥያቄ ነው። ሁለት ዓመት በልቶኛልና ልንገርሽ።

1. ቁጥሩ ብዙ አያስጨንቅሽ። ፈንዳሜንታል ፕሌን (ከጋላክሲው ስፋት፣ ድምቀትና ከከዋክብቱ ፍጥነት ርቀቱን የምናሰላበት ዝምድና) በአንድ ጋላክሲ ርቀት ላይ 20 በመቶ ያህል ይስታል። የኮማ ክላስተር ሬድሺፍት (ከብርሃኑ ወደ ቀይ መሸሽ የሚነበበው ከእኛ የመራቅ ፍጥነት) በሴኮንድ 7,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ስህተቱ 1,400 ነው። 20 ጋላክሲ ከለካሽ ወደ 310 ይወርዳል።

2. ጋላክሲ ብታበዢም የማይወርደው የሲግማ ስህተት ነው፤ ሲግማ በጋላክሲው ውስጥ የከዋክብቱ ፍጥነት ምን ያህል እንደሚለያይ የሚነግረን ቁጥር ነው፣ ከብርሃኑ መስመሮች ስፋት ይነበባል። እኔ የሰሜኑን ክላስተሮች በአንድ ቴሌስኮፕ፣ የደቡቡን በሌላ ለካሁ። 5,175 አንግስትሮም አካባቢ ያሉት የማግኒዚየም መስመሮች ጥርት ብለው ወጡልኝ። ውጤቱ ሲመጣ የደቡቦቹ በሙሉ በሴኮንድ 400 ኪሎ ሜትር ወደ እኛ ይመጣሉ! እ.ኤ.አ. በ1994 ላወርና ፖስትማን የተባሉ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች በሌላ ዘዴ በሴኮንድ ወደ 700 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ፍሰት (ክላስተሮች በአንድነት ወደ አንድ አቅጣጫ መሄዳቸውን) አግኝተናል ብለው ስለነበር፣ እኔም ትልቅ ነገር ያገኘሁ መሰለኝ። ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ።

አማካሪዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ሁለቱ መሣሪያዎች አንዱን ጋላክሲ እኩል ያነቡታል?» በሁለቱም የተለካ የነበረኝ ሦስት ጋላክሲ ብቻ ነው።

ተጨማሪ ሌሊት ጠየቅሁ። የቴሌስኮፑ ጊዜ አዳይ ኮሚቴ በአንድ መስመር መለሰልኝ፦ «የተለካን ጋላክሲ ደግሞ ለመለካት ጊዜ አንሰጥም።» ላስረዳ ብደውል ሳልጨርስ ስልኩ ተዘጋብኝ። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በሦስተኛው ማመልከቻ አንድ ሌሊት ሰጡኝ። እስኪነጋ 14 ጋላክሲ ለካሁ። የደቡቡ መሣሪያ ሲግማን 4 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበር የሚያነበው። ሲግማ ከፍ ሲል ጋላክሲው ከእውነቱ የገዘፈ ይመስላል፣ ስለዚህ ርቀቱ በ5 በመቶ ይጨምራል። ሬድሺፍቱ ግን ያው ነው፤ ልዩነቱ ወደ እኛ የሚመጣ ፍጥነት ሆኖ ይቆጠራል። ሬድሺፍቱ በሴኮንድ 8,000 ኪሎ ሜትር በሆነ ክላስተር ላይ ይሄ 400 ነው። ፍሰቴ በሙሉ እሱ ነበር።

3. ከመጀመሪያው ማመልከቻሽ ላይ የጋራ ጋላክሲዎችን (በሁለቱም መሣሪያ የሚለኩትን) አስገቢ፤ 15 ቢሆኑ ጥሩ ነው። ከሁለቱም ንፍቀ ክበብ እንዲታዩ ከሰማይ ወገብ አጠገብ ምረጫቸው። የ56 ክላስተሮችን ፍጥነት የለካው ስማክ (SMAC) የተባለው የተመራማሪዎች ቡድንም የተለያዩ ቴሌስኮፖችን ያስታረቀው በተደራራቢ ጋላክሲዎች ነው። ኮሚቴው «ተለክቷል» ካለሽ የ4 በመቶውን ሂሳብ ጻፊላቸው፤ እኔ በሦስተኛው ላይ ያስፈቀድኩት በሱ ነው። የ14ቱን ዝርዝር ከነሲግማቸው ይዤዋለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ዛሬውኑ እልክልሻለሁ።