ርእስ አለ፣ ጥያቄ የለም፦ ስለ መጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ምርምር ጥያቄና መልስ

የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጥናት በማማከርና በመገምገም ረጅም ጊዜ ስላሳለፍሁ፣ በዚህ ዙር የሚነሡትን ጥያቄዎች እንድመልስ ስጠየቅ በደስታ ተቀብያለሁ። ጥያቄዎቹ ከተፈጥሮ ሳይንስ፣ ከማኅበራዊ ሳይንስና ከሥነ ሰብእ የመጡ ናቸው፤ ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አጣምሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ (የሶሲዮሎጂ 3ኛ ዓመት ተማሪ)፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ። የጥናት ርእሴን ሦስት ጊዜ አስገብቼ ሦስቱንም ጊዜ «ሰፊ ነው» ተብሎ ተመለሰብኝ። የመጨረሻው «ማኅበራዊ ሚዲያ በወጣቶች ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ» የሚል ነበር። እስከ ምን ድረስ ላጥብበው?

መልስ፦ ችግሩ ስፋቱ ብቻ አይመስለኝም። ያስገባሽው ርእስ ነው፤ ጥያቄ ግን የለውም። ርእስ የምንነጋገርበትን ጉዳይ ያመለክታል፤ የጥናት ጥያቄ ደግሞ መልሱ ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚፈልግ አስቀድሞ ይነግረናል። «ማኅበራዊ ሚዲያ» ስትዪ የትኛውን፣ «ወጣቶች» ስትዪ የትኞቹን፣ «ተጽዕኖ» ስትዪስ በእንቅልፍ፣ በትምህርት ውጤት ወይስ በጓደኝነት ላይ እንደሆነ አንባቢው ሊያውቅ አይችልም። በተለይ «ተጽዕኖ» የሚለው ቃል ብዙ ተማሪዎችን ሲያሳስት አይቻለሁ፤ ምክንያትንና ውጤትን አረጋግጣለሁ ብሎ ቃል መግባት ነውና። አንድ ጊዜ በተበተነ መጠይቅ ተዛምዶን ማሳየት ይቻላል እንጂ ያንን ቃል መጠበቅ አይቻልም።

እኔ ለተማሪዎቼ የምሰጠው ፈተና ቀላል ነው፦ መረጃ ከመሰብሰብሽ በፊት መልሱ የሚቀመጥበትን ባዶ ሠንጠረዥ በወረቀት ላይ ሥሪ። የዓምዶቹንና የረድፎቹን ስም መጻፍ ካቃተሽ ጥያቄው ገና አልበሰለም ማለት ነው። ለምሳሌ «በአንድ ማደሪያ የሚኖሩ የ1ኛ ዓመት ተማሪዎች ከመኝታ በፊት በስልክ የሚያሳልፉት ጊዜ ከእንቅልፍ ሰዓታቸው ጋር ምን ተዛምዶ አለው?» ብትዪ ሠንጠረዡ ወዲያው ይታይሻል፦ በእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ተማሪና አንድ ሌሊት፣ በዓምዶቹ ደግሞ የስልክ ደቂቃ፣ የተኙበት ሰዓትና የነቁበት ሰዓት። ትንሽ ጥያቄ መስሎ ሊታይሽ ይችላል፤ ነገር ግን ሊመለስ የሚችል ነው፤ በአንድ መንፈቀ ዓመትም ያልቃል።

ጥያቄ (የባዮሎጂ 2ኛ ዓመት ተማሪ)፦ እውነቱን ለመናገር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ አዲስ ነገር ያገኛል ብሎ መጠበቅ ራስን ማታለል አይደለም? የምንሠራው ለዲግሪ ማሟያ ብቻ ይመስለኛል።

መልስ፦ አብዛኛው ለማሟያ እንደሚሠራ አልክድህም። ያገኘ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1911 አልፍሬድ ስተርተቫንት የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሳለ፣ የፍራፍሬ ዝንቦችን እያዳቀለ የዘር ውርስን በሚያጠናው በቶማስ ሀንት ሞርጋን ቤተ ሙከራ ውስጥ ይሠራ ነበር። በአንድ ክሮሞሶም ላይ ያሉ ጂኖች አብረው የመተላለፍ ዝንባሌ ቢኖራቸውም አንዳንድ ጊዜ እንደሚለያዩ፣ የመለያየታቸውም መጠን ለሁሉም ጥንድ እኩል እንዳልሆነ በቤተ ሙከራው ይታወቅ ነበር። ስተርተቫንት ከሞርጋን ጋር ሲነጋገር አንድ ሐሳብ መጣለት፦ ደጋግመው የሚለያዩት ጂኖች ተራርቀው፣ አልፎ አልፎ ብቻ የሚለያዩት ደግሞ ተቀራርበው የተቀመጡ ከሆነ፣ የመለያየቱ መቶኛ እንደ ርቀት ሊቆጠር ይችላል። «ሀ» ከ«ለ» በ1፣ «ለ» ደግሞ ከ«ሐ» በ30 ቢራራቁ፣ የ«ሀ» እና የ«ሐ» ርቀት ወይ ወደ 31 ወይ ወደ 29 ይሆናል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሲታወቅ ተራቸውም ይታወቃል። የዚያን ዕለት የቤት ሥራውን ወደ ጎን ትቶ አብዛኛውን ሌሊት ሲያሰላ አደረና የቢጫ አካል፣ የነጭ ዓይን፣ የትንንሽ ክንፍና የሌሎችም ባሕርያት ጂኖች በአንድ መስመር የተሰደሩበትን የመጀመሪያውን የጂን ካርታ ሠራ። ጽሑፉ በ1913 ታተመ።

አንድ የቅርብ ጊዜ ምሳሌ ልጨምርልህ። እ.ኤ.አ. በ79 በጣሊያን የሚገኘው የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ሄርኩላኒየም በተባለችው ከተማ ያከሰላቸው የፓፒረስ ጥቅልሎች ሊገለጡ ቢሞከር ይፈራርሳሉ። በ2023 አንድ የ21 ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ፣ የጥቅልሎቹን የኤክስሬይ ቅኝት በኮምፒውተር ሞዴል በመመርመር፣ ሳይገለጥ ከቆየ ጥቅልል ውስጥ አንድ ሙሉ የግሪክኛ ቃል ለማንበብ በቃ፤ ቃሉም «ሐምራዊ» የሚል ፍቺ አለው።

በሁለቱም ታሪኮች ውስጥ ልብ እንድትለው የምፈልገው ነገር አለ። ስተርተቫንት በዚያ ሌሊት ያሰላው በቤተ ሙከራው አስቀድሞ የተሰበሰበን ውጤት ነው፤ ቅኝቶቹንም ያነሣው ተማሪው አይደለም። ገንዘብና መሣሪያ የሌለው ተማሪ ሌሎች ሰብስበው ያልጨረሱትን መረጃ መፈለግ ይችላል፤ ለዚያም ቢሆን መረጃው ካለበት ክፍል አጠገብ መገኘት ያስፈልጋል። አንተ ገና 2ኛ ዓመት ስለሆንህ እስከ ምረቃ ዓመት አትጠብቅ። ማሳቹሴትስ ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂ እ.ኤ.አ. በ1969፣ በፊዚክስ ሊቋ ማርጋሬት ማክቪካር መሪነት፣ ተማሪዎች ከመምህራን ጋር የሚመራመሩበትን መርሐ ግብር ሲጀምር ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አርአያውን ተከትለዋል። በምትማርበት ቦታ እንዲህ ያለ መርሐ ግብር ባይኖር እንኳ፣ የአንድ መምህርን ሁለት ጽሑፎች አንብበህ፣ ያልገባህን አንድ ነገር ይዘህ ቢሮው ብትሄድ ብዙውን ጊዜ በሩ አይዘጋብህም።

ጥያቄ (የታሪክ 4ኛ ዓመት ተማሪ)፦ የፕሮፖዛል ቅጹ «መላምት»፣ «ናሙና»፣ «የመረጃ መሰብሰቢያ መሣሪያ» የሚሉ ክፍሎች አሉት። እኔ የማጠናው የድሮ ደብዳቤዎችን ነው። በእነዚህ ሥር ምን ልጻፍ?

መልስ፦ ቅጹ ለሌላ መስክ የተሰፋ ልብስ ነው፤ ይህን ለአማካሪህ በግልጽ ተናገር። መላምት የግድ አያስፈልግህም፤ ዘዴ ግን ያስፈልግሃል፤ «ደብዳቤዎቹን አነባለሁ» ማለት ደግሞ ዘዴ አይደለም። የትኞቹን ሣጥኖችና ዓመታት እንደመረጥህ፣ ለምን እንደመረጥህ፣ ከተከታታይ ቁጥሮቹ ውስጥ የትኞቹ እንደጎደሉ ጻፍ። የጎደለው ራሱ ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ ከቁጥር 41 ቀጥሎ 58 ቢመጣ በመካከል ያሉት 16 ደብዳቤዎች ጠፍተው ነው ወይስ ሆን ተብለው ወጥተው ነው ብሎ መጠየቅ የታሪክ አጥኚ ሥራ ነው።

አንድን ደብዳቤ በእጅህ ስትይዝ መጀመሪያ ይዘቱን ተወውና ዙሪያውን እይ። የተጻፈበት ቀንና መዝገብ ቤቱ የተቀበለበት ቀን ምን ያህል ይራራቃሉ? በግርጌው በሌላ እጅ፣ በሌላ ቀለም የተጨመረ ማስታወሻ አለ? ደብዳቤው በጥር ተጽፎ በመጋቢት ከደረሰ፣ በየካቲት የተወሰነው ውሳኔ ደብዳቤውን ሳያይ የተወሰነ ነው፤ ይህን ያላስተዋለ አጥኚ ምክንያትና ውጤትን ያለቦታቸው ያገናኛል። ሥነ ጽሑፍንና ሥነ ቃልን የሚያጠኑትም እንዲሁ የትኛውን ቅጂ ወይም የየትኛውን ተራኪ ቃል እንደያዙ በትክክል መግለጽ አለባቸው።

ጥያቄ (የማኔጅመንት የማታ ተማሪ፣ በሥራ ዓለም 20 ዓመት የቆዩ)፦ መቶ መጠይቅ ይበቃል? ጓደኞቼ በቴሌግራም ሊንክ በትነው 600 ምላሽ አግኝተዋል፤ እኔ በወረቀት የደረስሁት መቶ ላይ ነው።

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ መቶዎቹ እንዴት እንደተመረጡ ይንገሩኝ። ከተሟላ ዝርዝር በዕጣ የተመረጡ ከሆነ፣ የመቶ ሰው ናሙና በመቶኛ በሚገለጽ ውጤት ላይ ወደ 10 ነጥብ የሚጠጋ የስሕተት ህዳግ በግራም በቀኝም ይኖረዋል፤ ይህን ወደ 5 ለማውረድ 200 ሰው አይበቃዎትም፣ ወደ 400 ማድረስ ይጠበቅብዎታል፤ ህዳጉን በግማሽ ለመቀነስ ናሙናውን አራት እጥፍ ማሳደግ ግድ ነውና። ይህ ስሌት ግን በቴሌግራም ለተበተነ ሊንክ ጨርሶ አይሠራም፤ የመለሱት ሊንኩ የደረሳቸውና መመለስ ደስ ያላቸው ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1936 ሊተረሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ ምላሽ ሰብስቦ እጩው አልፍ ላንደን የፕሬዚዳንትነት ምርጫውን እንደሚያሸንፍ ተነበየ፤ ተፎካካሪው ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን አሸነፈ። መጽሔቱ አድራሻ የወሰደው በአመዛኙ ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ ነበር፤ የብዙ ድሆች ድምፅ ከመነሻው አልተካተተም፤ ከተጠየቁትም የመለሱት ጥቂቶቹ ነበሩ። ስለዚህ በጓደኞችዎ 600 አይቅኑ።

ሳይበትኑት በፊት ደግሞ መጠይቁን ለአምስት ሰዎች ጮክ ብለው እንዲያነቡት ይስጡና ፊታቸውን ይመልከቱ። «በአለቃዎና በደመወዝዎ ምን ያህል ረክተዋል?» የሚለው ዓይነት ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ ሁለት ጥያቄ በአንድ ታጭቋልና አለቃውን የሚወድ፣ ደመወዙን የሚጠላ ሰው የቱ ላይ ያክብብ?

ጥያቄ (የእፅዋት ሳይንስ 4ኛ ዓመት ተማሪ)፦ ሁለት ዓይነት ማዳበሪያ አነጻጽሬ ልዩነት አላገኘሁም። ጓደኛዬ «ከመሥመር የወጡትን ሦስት ማሰሮዎች ብታወጪ ይስተካከልልሻል» አለችኝ። ባወጣቸው ጥፋት ነው?

መልስ፦ የምታወጪበት ምክንያት ውጤቱ ስላላማረልሽ ከሆነ፣ አዎን፣ ጥፋት ነው። ማሰሮው ተሰብሮ ወይም ውኃ ሳይጠጣ ቀርቶ ከሆነና ይህም በዕለቱ ተመዝግቦ ከሆነ ግን፣ ምክንያቱን ጽፈሽ ማውጣት ትችያለሽ። ነገሩ ለምን እንደሚያሳስብ በቁጥር ላሳይሽ፦ በእውነቱ ምንም ልዩነት በሌለበት ሁኔታ እርስ በርስ የማይገናኙ 20 ንጽጽሮችን በተለመደው የ0.05 መለኪያ (ልዩነት በሌለበት በአጋጣሚ ብቻ ከ100 ጊዜ 5 ጊዜ ያህል «ጉልህ» በሚል) ብትፈትሺ፣ ቢያንስ አንዱ በአጋጣሚ «ጉልህ» ሆኖ የመውጣት ዕድሉ 64 በመቶ ገደማ ነው። ታላላቆቹም ከዚህ አላመለጡም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ሰፊ ሥራ 100 የሥነ ልቦና ጥናቶችን እንደገና ሲሞክር ጉልህ ውጤት የሰጡት 36 በመቶው ብቻ ነበሩ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የማማክራት ተማሪ የአንቺን የሚመስል ሙከራ ሠርታ፣ ውጤቱ ግራ ሲያጋባት ደብተሯን ይዛ መጣች። በዳር ላይ በእርሳስ «ከ1 እስከ 12 በመስኮቱ በኩል» ብላ ጽፋ ነበር። ቁመቶቹን በማዳበሪያው ዓይነት ሳይሆን በአቀማመጣቸው ስንደረድራቸው በመስኮቱ በኩል ያሉት ሁሉ ረዝመው ተገኙ፤ የለካችው ማዳበሪያውን ሳይሆን ብርሃኑን ነበር። ማሰሮዎቹን በዕጣ አለመደልደሏ ስሕተት ነው፤ ያቺ የእርሳስ መስመር ግን ጥናቱን አዳነችው፤ ስሕተቱን በግልጽ ጽፋ ጥሩ ውጤት አገኘች። የአንቺም «ልዩነት አልታየም» የሚለው ግኝት ነው፤ ማሰሮዎቹ ስንት እንደነበሩና ምን ያህል ትንሽ ልዩነት ሊያሳዩ ይችሉ እንደነበር ጨምረሽ ጻፊው።

ጥያቄ (ከብዙዎች የመጣ)፦ አማካሪያችን ለኢሜይል መልስ አይሰጡም።

መልስ፦ አርባ ገጽ ልካችሁ «አስተያየት ይስጡን» ብላችሁ ከሆነ ጥፋቱን ለእርሳቸው ብቻ አትተዉት። አንድ ገጽ ላኩ፤ «አዎን» ወይም «አይደለም» ተብለው ሊመለሱ የሚችሉ ሁለት ጥያቄዎችን ጻፉ፤ መቼ መጥታችሁ ልታነጋግሯቸው እንዳሰባችሁም ጨምሩ። ይህም ካልሠራ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ለዚያ ግን የምረቃ ወር እስኪደርስ አትጠብቁ።

ጥያቄ (የሳይኮሎጂ 3ኛ ዓመት ተማሪ)፦ የማነጋግራቸው የክፍል ጓደኞቼን ብቻ ነው፤ ስማቸውንም አልጽፍም። የሥነ ምግባር ፈቃድ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ የዩኒቨርሲቲህን ኮሚቴ መረጃ ከመሰብሰብህ በፊት ጠይቅ፤ ከሰበሰብህ በኋላ የሚገኝ ፈቃድ ፈቃድ አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው፣ በሰዎች ላይ ለሚደረግ ምርምር የሥነ ምግባር መመሪያ የሆነው የአሜሪካ የቤልሞንት ሪፖርት ያስቀመጣቸው ሦስቱ መርሖች፣ ማለትም ሰውን ማክበር፣ ጥቅሙን መጠበቅና ፍትሕ፣ ለጓደኛም ይሠራሉ። እንዲያውም ጓደኛ «አይ፣ አልፈልግም» ለማለት ከማያውቁት ሰው ይልቅ ይቸገራል። ስም መተው ብቻውንም ማንነትን አይሰውርም። በክፍሉ ውስጥ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ተዛውራ የመጣች አንዲት ሴት ብቻ ካለች፣ «ተዛውራ የመጣች ሴት ተሳታፊ» ብለህ ስትጽፍ ስሟን የጻፍህ ያህል ነው። ድምፅ ከቀዳህ የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚጠፋ አስቀድመህ ንገራቸው።

ጥያቄ (የሥነ ጽሑፍ 4ኛ ዓመት ተማሪ)፦ ክለሳ ድርሳናቱን በቻትጂፒቲ ብሠራው ምን ይለኛል?

መልስ፦ የዩኒቨርሲቲሽ ደንብ ይቅደም። ከደንቡ ባሻገር፣ እነዚህ መሣሪያዎች የሌለ መጣጥፍን ደራሲ፣ ዓመትና የገጽ ቁጥር ሰጥተው እውነተኛ አስመስለው ይጠቅሳሉ፤ ገምጋሚ ሆኜ አንዲት ዋቢ ፈልጌ ካጣኋት ቀሪዎቹን ሁሉ እጠራጠራለሁ። ያላነበብሽውን አትጥቀሺ። ክለሳ ድርሳናት የምትሠሪው የማን ሐሳብ ከማን እንደሚጋጭና ያንቺ ጥያቄ በየትኛው ክፍተት እንደሚገባ ለማወቅ ስለሆነ፣ ማሽኑ ቢሠራልሽ ጽሑፉን አግኝተሽ ዕውቀቱን ታጫለሽ። የቋንቋ እርማት ሌላ ጉዳይ ነው። የቃለ መጠይቅ ቅጂ ግን ያለ ተሳታፊዎቹ ፈቃድ አታስገቢበት።

ጥያቄ (የኬሚስትሪ ተመራቂ)፦ «ጽሑፍዎን በሦስት ቀን እናትማለን» የሚል ኢሜይል ደርሶኛል፤ ክፍያ ይጠይቃል።

መልስ፦ ተወው። እውነተኛ ግምገማ ሳምንታትና ወራት ይወስዳል። ለአማካሪህ አሳይና በመስኩ የታወቀ መጽሔት ምረጡ። ጽሑፉ ከመላኩ በፊት የማን ስም በምን ተራ እንደሚገባም ተነጋገሩ፤ ሥራውን የሠራ ተማሪ ስሙ በምስጋናው ውስጥ ብቻ ሲቀር ማየት የተለመደ ነውና።

ጥያቄ (የኢኮኖሚክስ 4ኛ ዓመት ተማሪ)፦ ዲፌንስ 15 ደቂቃ ተሰጥቶኛል፤ 38 ስላይድ አለኝ።

መልስ፦ ከ12 አታስበልጣቸው። ስለ ጥናቱ ጠቀሜታና ስለ ጽንሰ ሐሳቦች ፍቺ የሚያወሩትን አውጣና ጊዜውን ለጥያቄህ፣ ለመረጃህ ምንጭና ለሁለት ሠንጠረዦች ስጥ። የተነሡትን ስላይዶች ሳትሰርዝ ከመጨረሻው በኋላ አስቀምጣቸው፤ ሲጠየቁ ታወጣቸዋለህ። ጥሬ መረጃውን የያዘውን ፋይልና ደብተርህንም ይዘህ ግባ፤ ገምጋሚዎች «ይህን ቁጥር ከየት አመጣኸው?» ሲሉህ ገጹን ገልጠህ ታሳያቸዋለህ።